ግፊት፣ ፍሰትና ወሰን፦ የነዳጅ ፓምፕ ታሪክ በተርቦ መኪና ላይና ለስያሜ ሥራ የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

ለእርማት ከቀረቡልን የጥገና መመሪያ ትርጉሞች በአንደኛው ውስጥ «የፓምፑ ኃይል» የሚለው ሐረግ በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ ገብቶ አገኘነው። ከመነሻው ጽሑፍ ጋር ስናስተያየው የመጀመሪያው ፓምፑ ነዳጁን የሚገፋበትን ግፊት፣ ሁለተኛው በአንድ ሰዓት የሚያደርሰውን የሊትር ብዛት፣ ሦስተኛው ደግሞ ፓምፑ ራሱ የሚፈጀውን የኤሌክትሪክ መጠን የሚገልጽ ነበር። ተርጓሚው ለሥራው ቸልተኛ እንዳልነበረ ከዐረፍተ ነገሮቹ ጥራት ይታወቃል። ሆኖም ያን ገጽ አምኖ ፓምፕ የሚለውጥ መካኒክ ሦስቱን ነገሮች እንደ አንድ ነገር ስለሚቆጥራቸው፣ የሚጠግነውን ሞተር ሊያቃጥለው ይችላል።

በቴክኒክ ጽሑፍ ላይ የቃል ስሕተት እንዲህ ያለ ዕዳ አለው። ስለዚህም ለዚህ እትም የመረጥነው ርእስ በመጀመሪያ ሲታይ ለቋንቋ ምሁር ሩቅ መስሎ የሚታይ ነው፤ ይኸውም ተርቦ ባለው መኪና ላይ የነዳጅ ፓምፕ ያለበት ወሰንና ወሰኑን ለማስፋት የተደረገው ጥረት ታሪክ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ተርጓሚውን የሚያስቸግሩት ቃላት አንድ በአንድ የሚወለዱበትን ቦታ እናያለን። አንድን ቃል በትክክል ለመሰየም ቃሉ የትኛውን ችግር ለመፍታት እንደመጣ ማወቅ ያሻል የሚለውን ሐሳብ ለማስረዳትም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ እምብዛም አላገኘንም።

1. ስበት፣ መሳብና መግፋት

ነዳጅ የሚለው ቃላችን ነደደ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን የሚነድ ነገር ማለት ነው። ስለ መንደዱ ቃሉ ራሱ ይናገራል፤ ወደሚነድበት ቦታ እንዴት እንደሚደርስ ግን ሌላ ቃል መፈለግ አለበት። የመኪና ታሪክም በዚህ ጥያቄ ላይ ሦስት መልሶችን በየተራ ሰጥቷል።

የመጀመሪያው መልስ ከፍታ ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. የወጣው የፎርድ ሞዴል ቲ መኪና ፓምፕ አልነበረውም። የነዳጁ ማጠራቀሚያ ከፊተኛው መቀመጫ ሥር ተቀምጦ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወደ ካርቡራተሩ ይወርድ ነበር። መንገዱ ደልዳላ እስከሆነ ድረስ ይህ በቂ ነው። ነገር ግን መኪናው ቀጥ ያለ ዳገት ሲወጣና ነዳጁም ያነሰ ሲሆን ሞተሩ ከማጠራቀሚያው በላይ ስለሚሆን ቤንዚኑ አይደርስም። ስለዚህ ሾፌሮች መኪናውን አዙረው ዳገቱን ወደ ኋላ ይወጡት እንደነበር በሰፊው የሚታወቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው መልስ መሳብ ነው። ከ1910ዎቹ ጀምሮ በብዙ መኪኖች ላይ የገባው ዘዴ፣ ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረውን ባዶነት በመጠቀም ነዳጁን ከኋላ ካለው ማጠራቀሚያ ወደ አንዲት ትንሽ ገንዳ ይመጥጥ ነበር። ከገንዳይቱ ወደ ካርቡራተሩ የሚወርደው እንደ ቀድሞው በክብደቱ ነው። የዚህም ጉድለት የታየው በዳገት ላይ ነበር። ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጦ ለረጅም ጊዜ ሲወጣ ባዶነቱ ስለሚጠፋ መጠጣው ይደክማል፤ ሞተሩ አብዝቶ በሚፈልግበት ሰዓት አነስተኛ ይሰጠዋል።

ከዚህ ላይ ተርጓሚው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ስበት የሚለውን ቃል በፊዚክስ ጽሑፍ ለመሬት ስበት እናውለዋለን፤ መሳብ ግን ፓምፕም ሆነ ባዶነት የሚሠራው ሥራ ነው። ሁለቱም ሳበ ከሚለው አንድ ግሥ ስለወጡ «በስበት የሚመጣ ነዳጅ» የሚለው ሐረግ ከሁለቱ ዘዴዎች የትኛውን እንደሚገልጽ አይታወቅም። ስለዚህ የመጀመሪያውን «በክብደቱ የሚወርድ»፣ ሁለተኛውን «በመጠጣ የሚመጣ» ብሎ መለየት ይሻላል እንላለን። መጠጠ የሚለው ግሥ በጎረቤቱ ሳይሸፈን ጉዳዩን ለብቻው ይይዛል።

ሦስተኛው መልስ መግፋት ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ከሞተሩ ዘንግ እንቅስቃሴ እየተቀበለ በስስ ሽፋን መርገብገብ ነዳጁን የሚገፋ መካኒካዊ ፓምፕ ተስፋፋ። ግፊቱ ከ0.2 እስከ 0.5 ባር ገደማ ነበር። ለካርቡራተር ይህ በቂ ስለነበረ ለብዙ ዓመታት የፓምፕ ወሰን የሚባል ጥያቄ አልተነሣም ለማለት ይቻላል። መካኒኮቻችን ፖምፓ የሚሉት ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ካንዴላን፣ ፍሪሲዮንን፣ ማርሽንና ጎማን የመሳሰሉት ቃላትም ከዚያው ቋንቋ ገብተዋል። በጽሑፍ ላይ የሚዘወተረው ፓምፕ የኋለኛ ጊዜ ቃል ነው። ሁለቱ ለአንድ ዕቃ የቆሙ ስለሆኑ በመካከላቸው የሚደረገው ምርጫ የልማድ እንጂ የትርጉም ጉዳይ አይደለም፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ ፓምፕ በሚለው ተጠቅመናል።

2. አየር በተገፋ ጊዜ

የስዊስ መሐንዲሱ አልፍሬድ ቡኪ በ1905 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት የተቀበለበት ሐሳብ፣ ከሞተር በሚወጣው ትኩስ ጢስ ተርባይን አዙሮ በዚያው ዘንግ ላይ ባለ ሌላ መዘውር አየርን ወደ ሞተሩ አምቆ ማስገባት ነበር። የአንጥረኛ ወናፍ ያየ ሰው የዚህን ትርጉም በቀላሉ ይረዳል። ወናፉ በበረታ መጠን እሳቱ ይግላል፤ ከሰሉም ቶሎ ያልቃል። ወናፍ የሚነፋው ሰው ብርታት ከሰል ከሚጨምረው ሰው ትጋት ጋር ካልተመጣጠነ ሥራው ይበላሻል።

በመንገድ መኪና ላይ ተርቦ ቀድመው ያወጡት በ1962 እ.ኤ.አ. ሁለት የአሜሪካ መኪኖች ናቸው፤ እነሱም ኦልድስሞቢል ጄትፋየርና ሸቭሮሌ ኮርቬር ሞንዛ ስፓይደር ናቸው። በሁለቱም ላይ ካርቡራተሩ ከተርቦው በፊት ተቀምጦ ነበር። ይህ አቀማመጥ ለነዳጅ ፓምፕ ታሪክ ትልቅ ቁም ነገር አለው። አየሩ የሚታመቀው ካርቡራተሩን ካለፈ በኋላ ስለሆነ ነዳጁ የታመቀ አየርን እየተጋፋ መግባት አያስፈልገውም፤ ስለዚህ አሮጌው ደካማ ፓምፕ በቂ ነበር። ጄትፋየር ሞተሩ እንዳያንኳኳ ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ እየተረጨ ይሠራ ነበር፤ የታመቀ አየር ከሚያመጣው ሙቀት ጋር የሚደረገው ትግል ገና በመጀመሪያው መኪና ላይ እንደነበረ ይህ ያሳያል።

ካርቡራተሩ ከተርቦው በኋላ በተቀመጠ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው ማዜራቲ ቢቱርቦ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል፤ በእርሱ ላይ ካርቡራተሩ በታመቀ አየር ውስጥ ነው የሚሠራው። አየሩ በ0.6 ባር ቢታመቅና ፓምፑ በ0.4 ባር ቢገፋ ነዳጁ መግባቱ ቀርቶ ወደመጣበት ሊመለስ ይቃጣዋል። ስለዚህ የፓምፑ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር አብሮ መውጣት አለበት። ለተርጓሚው ወሳኝ የሆነው ፅንሰ ሐሳብ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ነዳጁን የሚያስገባው ግፊቱ ሳይሆን በሁለቱ ግፊቶች መካከል ያለው ልዩነት ነው።

3. ቁጥር ስም በሆነ ጊዜ

የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ በ1967 እ.ኤ.አ. በፎልክስዋገን 1600 ላይ ያዋለው ዲ-ጄትሮኒክ የተባለው በኤሌክትሮኒክስ የሚመራ ዘዴ ካርቡራተሩን አስወግዶ ነዳጅን በመርጫ ይረጭ ነበር። ነዳጁን የሚያደርሰው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሲሆን ግፊቱም 2 ባር ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ በወጡ ብዙ መኪኖች ላይ መነሻው ግፊት ወደ 3 ባር ከፍ ብሏል። ፓምፑ ሁልጊዜ ከሚፈለገው በላይ ያመጣል፤ ትርፉ በግፊት ጠባቂው በኩል አልፎ በመላሽ ቧንቧ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ግፊት ጠባቂው በአየር ማስገቢያው ውስጥ ካለው ግፊት ጋር በቀጭን ቱቦ የተያያዘ ስለሆነ አየሩ በ1 ባር ሲታመቅ የነዳጁንም ግፊት በ1 ባር ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ልዩነቱ ምን ጊዜም 3 ባር ነው።

ይህ ባይሆን ምን እንደሚከተል በስሌት ለማየት ይቻላል። በመርጫ የሚያልፈው የነዳጅ ፍሰት ከግፊት ልዩነቱ ጋር በቀጥታ አይሄድም፤ የሚሄደው ከልዩነቱ ካሬ ሥር ጋር ነው። የነዳጁ ግፊት በ3 ባር ላይ ተቸንክሮ አየሩ በ1 ባር ቢታመቅ ልዩነቱ ወደ 2 ባር ይወርዳል፤ ፍሰቱም በ18 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አየሩ በእጅጉ በጨመረበት ሰዓት ነዳጁ ያንሳል ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ድብልቅ «ከሲታ»፣ ተቃራኒውን ደግሞ «ሀብታም» በሚል ዘይቤ ይጠራዋል። ይህን ዘይቤ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ማምጣት አንባቢን ያስቃል እንጂ አያስረዳም፤ «ነዳጅ ያነሰው ድብልቅ» እና «ነዳጅ የበዛበት ድብልቅ» ማለቱ ይበቃል። ነዳጅ ባነሰው ድብልቅ ላይ የሚሠራ የተርቦ ሞተር ይግላል፣ ያንኳኳል፤ ቀጥሎም ጓርኒሲዮኑ ይበጠሳል ወይም ፒስተኑ ይቀልጣል። ይህን ለማድረስ ጥቂት ሴኮንዶች ይበቃሉ።

አሁን ወደ አንድ መኪና እንምጣ። በ1987 እ.ኤ.አ. የተሠራው የቡይክ ግራንድ ናሽናል 3.8 ሊትር፣ 6 ሲሊንደርና አንድ ተርቦ ያለው ሆኖ 245 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በዚያው ዓመት 547 ብቻ የተሠሩለት ጂ.ኤን.ኤክስ. የተባለው ዓይነት በይፋ የተገለጸው ጉልበት 276 ነበር። ባለመኪናዎቹ የተርቦውን ግፊት ከፍ በማድረግ ብቻ ጉልበቱን ብዙ ማሳደግ እንደሚቻል ቶሎ ስለተረዱ፣ የዚህ መኪና ስም ከማሻሻያ ሥራ ጋር ተያይዞ ቀረ። የነዳጅ ፓምፕ ወሰን ምን እንደሆነ የተማሩትም በዚያው መንገድ ነው።

የተርቦ ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.27 ኪሎ ግራም ያህል ቤንዚን ይፈጃል ብሎ ማስላት የተለመደ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን 0.74 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን 245 የፈረስ ጉልበት በሰዓት 90 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ሞተሩ ወደ 500 የፈረስ ጉልበት ቢደርስ 180 ሊትር ይበልጣል። እስከዚህ ድረስ የተነጋገርነው ስለ ፍሰት ነው። ነገር ግን ጉልበቱን ያሳደገው የተርቦ ግፊት ከ1 ባር ወደ 1.7 ባር ስላደገ ፓምፑ የሚገፋበት ግፊትም ከ4 ባር ወደ 4.7 ባር ወጥቷል። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ባሕርይ ደግሞ የሚጋፋው ግፊት ሲጨምር የሚሰጠው ፍሰት መቀነሱ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተርቦው ግፊት ከፍ ሲል ፓምፑ በሁለት ወገን ይጠየቃል፤ የበለጠ እንዲያደርስ ይፈለጋል፣ የማድረስ ችሎታው ግን በዚያው ቅጽበት ይቀንሳል። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ የፓምፑ ወሰን ነው።

ለእንዲህ ያለው ማሻሻያ በእጅጉ ከተሠራባቸው ፓምፖች አንዱ የዎልብሮ ሥሪት የሆነውና በተለምዶ «ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት» ተብሎ የሚጠራው ነው። ቁጥሩ የሚገልጸው በሰዓት 255 ሊትር ማድረሱን ነው። ይህን የሚያደርሰው ግን በ2.8 ባር ገደማ ግፊትና 13.5 ቮልት ሲያገኝ ነው፤ በ4.7 ባር ያው ፓምፕ ከዚያ በጣም ያነሰ ይሰጣል። ከዚህም ሌላ ፓምፑ ግፊቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ የሚከፈት አስተንፋሽ ቫልቭ ውስጡ አለ። የቫልቩ መክፈቻ ልክ የሚለያይባቸው ሁለት ዓይነቶች በአንድ ቁጥር ሲጠሩ ኖረዋል፤ አንደኛው «የከፍተኛ ግፊት» የሚል ቅጽል ተጨምሮለታል። ቅጽሉን የዘለለ ተርጓሚ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎችን አንድ አደረጋቸው ማለት ነው።

ቮልቱም ቢሆን የራሱ ታሪክ አለው። የቡይኩ ባለቤቶች ትልቅ ፓምፕ ካስገቡ በኋላ ግፊቱ በሙሉ ጉልበት ሰዓት መውደቁን እንዳልተወ አዩ። ምክንያቱ ከፊት ተነሥቶ እስከ ኋላ የሚሄደው ቀጭን የፋብሪካ ሽቦ ነበር። ፓምፑ የሚወስደው ከረንት ሲጨምር በሽቦው ላይ የሚጠፋው ቮልት ስለሚጨምር ፓምፑ ዘንድ የሚደርሰው ያንሳል፤ ቮልቱ ሲያንስ ፓምፑ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ፍሰቱም ይቀንሳል። መፍትሔው ወፍራም ሽቦ ከጄኔሬተሩ አንሥቶ በሪሌ በኩል በቀጥታ ወደ ፓምፑ መዘርጋት ሆነ። ፓምፑ ሳይለወጥ ወሰኑ ሰፋ።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ጥፋትም አለ። ሞተሩ ከሚፈልገው እጅግ የበለጠ ፓምፕ ሲገባ መላሽ ቧንቧው ትርፉን አሳልፎ ስለማይጨርስ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር በሚሠራበት ጊዜ ግፊቱ ከተወሰነለት በላይ ይወጣል። እየዞረ የሚመለሰውም ነዳጅ ይሞቃል። ፓምፑ ከሚወስደው የኤሌክትሪክ ጉልበት ወደ ግፊትና ፍሰት የሚለወጠው ትንሹ ክፍል ነው። በሰዓት 200 ሊትር በ4.7 ባር መግፋት 26 ዋት ያህል ሲሆን ፓምፑ የሚወስደው ግን ከ100 ዋት በላይ ነው፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ የሚወጣውም በውስጡ ወደሚያልፈው ነዳጅ ነው። ስለዚህ ፓምፕን መተለቅ ሁሉ ማሻሻል አይደለም።

የኋለኛውን ጊዜ በአጭሩ እንለፈው። በ1990ዎቹ መላሽ ቧንቧ የሌላቸው ዘዴዎች መጡ። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነዳጅን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጩ የተርቦ ሞተሮች ሲስፋፉ በአንድ መኪና ላይ ሁለት ፓምፕ ሆነ። አንዱ ከማጠራቀሚያው በጥቂት ባር የሚያቀርብ፣ ሌላው በሞተሩ ዘንግ እየተነዳ ከ100 ባር በላይ የሚያደርስ ነው። ሁለተኛው የሚሠራው በመጀመሪያው አቅርቦት ላይ ስለሆነ፣ «ፓምፑ ወሰኑ ላይ ደርሷል» የሚል ዐረፍተ ነገር ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ካልተናገረ ጎደሎ ነው።

4. ከፍታና ኢታኖል

እስከዚህ የተናገርነው በባሕር ጠረፍ ላለ መኪና የሚስማማ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ግን የአየሩ ግፊት 0.77 ባር ገደማ ስለሆነ ሌላ የቃል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመኪናው ውስጥ ያለው መለኪያ 1 ባር ሲያሳይ ከአካባቢው አየር በላይ 1 ባር አለ ማለቱ ነው። በጠረፍ ከተማ በሞተሩ ውስጥ ያለው ሙሉ ግፊት 2 ባር ሲሆን በአዲስ አበባ 1.77 ባር ነው። ወደ ሞተሩ የሚገባውን የአየር መጠን፣ ስለዚህም የሚያስፈልገውን የነዳጅ ፍሰት የሚወስነው ይህ ሙሉ ግፊት ነው። ፓምፑ ነዳጁን የሚወስደው የአካባቢው አየር ከሚጫነው ማጠራቀሚያ ስለሆነ፣ የሚጋፋው ግፊት በሁለቱም ቦታ ያው 4 ባር ነው። መለኪያው አንድ ዓይነት ቁጥር እያሳየ የፓምፑ ግፊት አልተለወጠም፤ ፍሰቱ ግን ቀንሷል። ተርጓሚው ሁለቱንም «ግፊት» ብቻ ካላቸው አንባቢው ይህን ልዩነት የሚያይበት መንገድ የለውም።

ከፍታው ከመምጠጫው ወገን ግን ይጎዳል። ፓምፕ ለመግፋት ብርቱ፣ ለመምጠጥ ደካማ ነው። የአካባቢው ግፊት ሲያንስና ነዳጁ ሲሞቅ ቤንዚኑ ፓምፑ ሳይደርስ ወደ እንፋሎት መለወጥ ይቃጣዋል፤ እንፋሎት የዋጠ ፓምፕ ደግሞ አይገፋም። የኤሌክትሪክ ፓምፖች በአብዛኛው በማጠራቀሚያው ውስጥ በነዳጁ ተነክረው እንዲቀመጡ የተደረገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው ጉዳይ ኢታኖል ነው። በኢትዮጵያ በ2008 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በሚሸጠው ቤንዚን ላይ 5 በመቶ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ተጀምሮ ነበር። ኢታኖል በውስጡ ኦክስጅን ስላለው ለአንድ ልክ አየር የሚያስፈልገው መጠን ከቤንዚን ይበልጣል። 10 በመቶ ሲቀላቀል ተጨማሪው 4 በመቶ ገደማ ስለሆነ ለተራ መኪና የሚታይ ነገር አይደለም። 85 በመቶ ኢታኖል ያለበትን ነዳጅ የሚጠቀሙ የውጭ አገር አሻሻዮች ግን ከ30 በመቶ የማያንስ ተጨማሪ ፍሰት ስለሚፈልጉ፣ ከላይ ያየነው የ500 የፈረስ ጉልበት ሞተር በዚያ ነዳጅ ሲሠራ በሰዓት ወደ 240 ሊትር ይጠይቃል። «ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት» የሚለውን ስም ብቻ ያነበበ ሰው ይበቃኛል ይላል፤ ግፊቱንና ቮልቱን ያነበበ ግን እንደማይበቃው ያውቃል።

5. የስያሜ ሐሳብ

ከዚህ ታሪክ በመነሣት ለተርጓሚዎች የሚከተለውን እናቀርባለን።

ሀ) ግፊት እና ፍሰት። ገፋ እና ፈሰሰ ከሚሉት ግሦች የወጡት እነዚህ ቃላት ተደላድለው የቆሙ ናቸውና በምንም ምክንያት በ«ኃይል» ሊተኩ አይገባም። ፍሰት በቁጥር ሲነገር የጊዜ መለኪያው፣ የፓምፕ ፍሰት ሲሆን ደግሞ የተለካበት ግፊትና ቮልት አብረው ይጻፉ።

ለ) ሙሉ ግፊት፣ ትርፍ ግፊት፣ የግፊት ልዩነት። ከባዶነት ተነሥቶ የሚለካውን «ሙሉ ግፊት»፣ ከአካባቢው አየር በላይ የሆነውን «ትርፍ ግፊት»፣ በሁለት ቦታዎች መካከል ያለውን «የግፊት ልዩነት» እንላለን። ለመጀመሪያው «ፍጹም ግፊት» የሚል አማራጭ አለ። እኛ «ሙሉ»ን የመረጥነው በጋራዥ ውስጥም በቀላሉ ስለሚገባ ነው።

ሐ) ወሰን እና ገደብ። ገደብ ሰው የሚጥለው ነው፤ ፋብሪካው የተርቦው ግፊት ከዚህ እንዳያልፍ ብሎ ያስቀመጠው ልክ ገደብ ነው። ፓምፑ ከባሕርዩ የተነሣ ሊያልፈው የማይችለው ግን ወሰን ነው። ገደብ ሊነሣ ይችላል፤ ወሰን የሚሰፋው መሣሪያው ወይም ሁኔታው ሲለወጥ ነው። መኪና የሚያሻሽል ሰው ብዙ ጊዜ ገደቡን አንሥቶ ወሰኑን ሳያስተውል ስለሚቀር፣ ሁለቱን ቃላት መለየት ለእርሱ የገንዘብ ጉዳይ ነው። አቅም የሚለው ቃል በአንዳንድ የፊዚክስ ጽሑፎች ሌላ ሥራ ስላለው ለፓምፕ «የአቅርቦት ወሰን» እንዲባል እንመርጣለን።

መ) ማሻሻል እና ማሳደግ። ትልቅ ፓምፕ ማስገባት ማሳደግ ነው፤ ማሻሻል መሆኑ የሚታወቀው ሽቦው፣ ግፊት ጠባቂውና መላሽ ቧንቧው ከእርሱ ጋር ሲመጣጠኑ ነው። የመነሻው ጽሑፍ ሁለቱን በአንድ ቃል ቢጠራም ተርጓሚው እንደ አገባቡ ሊለያቸው ይችላል።

ሠ) የክፍሎች ስም። ነዳጅ መርጫ፣ ግፊት ጠባቂ፣ መላሽ ቧንቧ፣ አስተንፋሽ ቫልቭ የሚሉት ሥራቸውን ከስማቸው የሚያስረዱ በመሆናቸው ይጠቅማሉ። ተርቦ ግን ሾፌሩም መካኒኩም የለመደው ቃል ስለሆነ ባለበት እንዲቆይ እንፈልጋለን። ወናፍን ለማስረጃ ብንጠቅሰውም ለስም አናቀርበውም፤ አንጥረኛው ገና እየሠራበት ነውና።

ማጠቃለያ

በ2024 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኗን የሚያስታውስ አንባቢ፣ ለነዳጅ ፓምፕ ቃላት መድከም አሁን ምን ይጠቅማል ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ቀድሞ የገቡት መኪኖች ለብዙ ዓመታት መጠገናቸው እንደማይቀር መመለስ ይቻላል። ነገር ግን ዋናው ምክንያታችን ሌላ ነው። ነዳጅ በቧንቧ ውስጥ እንዳለው ሁሉ በሽቦ ውስጥም የሚገፋ አለ፣ የሚፈስ አለ፤ ሁለቱ አብረው የሚሠሩት ሥራ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። ቮልትን፣ ከረንትንና ዋትን በአንድ «ኃይል» ጠቅልሎ የሚተረጉም ሰው ትናንት በፓምፑ ላይ የሠራውን ስሕተት ነገ በባትሪው ላይ ይደግመዋል። የቡይኩ ባለቤት ፓምፑን ለውጦ ሽቦውን የረሳበት ታሪክ ለዚህ ይበቃል።

ከላይ ያቀረብናቸው ስያሜዎች የመጨረሻ ውሳኔ አይደሉም። በጋራዥ የሚነገረውን ቃል ከእኛ አቅርበው የሚያውቁ አንባብያን የተሻለ ያላቸውን ቢያቀርቡልን ለመመርመር ዝግጁ ነን። መመዘኛችን ግን አንድ ይሆናል፤ ቃሉን አንብቦ ፓምፑን የሚለውጥ መካኒክ ግፊቱን፣ ፍሰቱንና ወሰኑን ሳያምታታ ሞተሩን አስነሥቶ ሊሄድ ይችላልን?